ከቀትር በኋላ የሚቆመው ተርባይን፦ ከድሬዳዋ ወደ ቡርቃ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመፍቻ ሻንጣዬንና ሁለት ጠርሙስ አቼቶ ይዤ ከሠፈሬ ከከዚራ ወጣሁ። ባለቤቴ ዘውዴ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «ጡረታ ወጣሁ ያልከኝ ሰውዬ ወዴት ነህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማችንን ቧንቧ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ከእንግዲህ መፍቻ አልነካም ብዬ የማልኩት አምና ነው። ግን የጠራችኝ ሰሚራ ናት፤ ሰሚራን ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ሰሚራ የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን ነው ያደገችው። ዛሬ ነርስ ሆና ከዋሂል በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለች ቡርቃ በምትባል መንደር ጤና ኬላ ውስጥ ትሠራለች። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው፤ መንደሯም ስሟን ያገኘችው ከበላይዋ ከሚፈልቀው ምንጭ ነው። የመብራት መስመር አልደረሳትም። ከጥቂት ወራት በፊት ግን ከምንጩ በሚወርደው የመጠጥ ውሃ ቱቦ ላይ ትንሽ ተርባይን ገጠሙላት። ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ጉልበት አለው፤ ድሮ ያ ጉልበት ቧንቧ ከማፈንዳት በቀር ሥራ አልነበረውም። አሁን የመንደሩ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ መዘውር መትቶ ያልፋል፤ መዘውሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩም ለኬላው መብራትና ለአንዲት የክትባት ማቀዝቀዣ ይበቃል። ውሃው መዘውሩን ስለመታ አንድ ጠብታ አይጎድልበትም፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይጠጣዋል።

ችግሩ፣ ይህ ተርባይን ጠዋት ጠዋት ይሠራና ከቀትር በኋላ ይቆማል። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት ማቀዝቀዣዋ መሞቅ ትጀምራለች። ስለዚህ እስካሁን አንድም ክትባት አልገባባትም፤ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ተደርድረውባት በሙከራ ላይ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ሙቀቷ እየታየ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ በቀይ። ከከተማ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ለሰሚራ ቁርጡን ነግሯታል። ሐሙስ ሲመጣ የማክሰኞውና የረቡዑ መዝገብ ቀይ ካለበት፣ ማቀዝቀዣዋን ጭኖ መብራት ወዳለው ሌላ ኬላ ይወስዳታል። ደህና ከሆነ ግን ይዞት የሚመጣውን ክትባት እዚያው ያስቀምጣል።

«ጋሼ፣ አንዴ ከሄደች አትመለስም» አለችኝ በስልክ። «እኔ ደግሞ እንደገና በበረዶ ሣጥን ተሸክሜ መሮጥ ልጀምር ነው። በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጥብኛል፤ ልጆቻቸውን ሳልወጋላቸው እናቶቹን እመልሳቸዋለሁ።»

ይህን ስትነግረኝ እኔ በሆዴ በሽታውን አውቄ ጨርሻለሁ። የእኛ አገር ውሃ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ መዘውር ላይ ምን እንደሚሠራ ለእኔ አይነገርም። አቼቶውን የያዝኩትም ለዚሁ ነው፤ ኖራ ያሟሟል። በመንገድ ሙሉ የማስበው ሰሚራ እንዴት እንደምታመሰግነኝ ነበር።

ወደ ዋሂል

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» እያለ አራት ባዶ ወንበር ያሳያል። መንገድ ዳር አንዱን ፉል በዳቦ በልቼ፣ በወተት የፈላ ሻሂ ጠጥቼበት ተመለስኩ፤ አሁንም «ሞልቷል» እያለ ነበር። ዋጋው ሰባ ብር ነው፤ ለሻንጣዬ ሃያ ጨምር ሲለኝ ተከራክረን በአሥር ተስማማን።

የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረን ከከተማው ስንወጣ ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ነበረች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቁልቋልና ግራር፣ አልፎ አልፎም የማሽላ ማሳ አለ። እንጨት የጫኑ ግመሎች በተቃራኒው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ያሉት ሁለት ሰዎች በሶማልኛ ጀምረው በኦሮምኛ ተከራክረው በአማርኛ ተሳሳቁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ቆየችና፣ «አቦ አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ሰላጣ ልትሸጥ ነው?» አለችኝ። አንደኛው የአቼቶ ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ ኖሯል። ቀሪውን መንገድ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አቁሜ፣ የሁሉ መሳቂያ ሆኜ ተጓዝኩ።

ዋሂል ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰሚራ የላከችው ሙክታር የሚባል ባለሞተር ብስክሌት ወጣት ቆሞ ይጠብቀኛል። ድሬና አካባቢዋ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ ለሽማግሌም «አንተ» ነው፤ ፍቅር እንጂ ንቀት የለበትም። «ጋሼ፣ ጠበቅ አርገህ ያዘኝ፤ አንተ ብትወድቅ ሰሚራ እኔን ነው የምትቀብረኝ» ብሎ አስነሳው። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ለድንጋይ ወጣን። ሁለት ቦታ ላይ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ አንዱ ቦታ ሙክታር ውረድ ብሎኝ ነው፤ ሁለተኛው ግን ልቤ አልችል ብሎ ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ሲታይ ሜዳው እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ የደረቀ ነው። ከዚያ ሁሉ ድርቀት በላይ፣ ተራራው ላይ፣ አንዲት አረንጓዴ ጠባሳ ትታያለች። «ያ ምንጩ ነው» አለኝ ሙክታር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቡርቃ

ሰሚራ ከኬላው በር ሮጣ ወጥታ አቀፈችኝ። ከስታለች፤ ሳቋ ግን የአባቷ ነው። ሳልቀመጥ ማቀዝቀዣዋን አሳየችኝ። ቁመቷ እስከ ወገቤ ነው፤ ጥግ ላይ ቆማ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። በላይዋ የተሰቀለው ወረቀት ላይ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት ከሰዓት ቀይ፤ ከላይ እስከ ታች እንደዚያው ነው። የማክሰኞው ጠዋት በሰማያዊ ተሞልቷል፤ አራት ዲግሪ ይላል። ከአጠገቡ ያለው ክፍት ሣጥን የእኔ ፈተና ነበር።

ከኬላው ውጭ ጥላ ሥር አንዲት ወጣት እናት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሆዳን ትባላለች፤ ከታች ሜዳው ላይ ከሠፈሩት የሶማሌ አርቢዎች ናት። ፍየሎቿን የመንደሩ የከብት ገንዳ ላይ ልታጠጣ በወጣችበት አጋጣሚ ስለ ክትባቱ ልትጠይቅ ጎራ ብላለች። ልጇ ዘጠኝ ወር ሞልቷታል፤ የኩፍኝ ክትባት አልተወጋችም።

«ሐሙስ ነይ፤ ኢንሻአላህ ይኖራል» አለቻት ሰሚራ።

ሆዳን ቀና ብላ አየቻት። «ሁለት ጊዜ መጣሁ። ሁለቱንም ጊዜ በረዶው ቀለጠ አልሽኝ። የእህቴ ልጅ በኩፍኝ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ሐሙስ ልምጣ ወይስ ልተወው?»

ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ነይ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ግን አልኩ።

ተርባይኑ ያለበት ጎጆ ከመንደሩ በላይ፣ ከማጠራቀሚያው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። ውሃውን በጎን ቱቦ አሳልፈን መዘውሩን ፈታሁት። እንደገመትኩት ነው፤ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል፤ ውሃው የሚረጭበት አፍ በግማሽ ጠብቧል። ደስ አለኝ። የመንደሩ ሴቶች አቼቶው አልበቃም ሲባል አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሎሚ እየጨመቁ አመጡልኝ። መዘውሩን ዘፍዝፌ፣ ፍቄ፣ ታጥቦ እንደ አዲስ ሲያብረቀርቅ ሳይ የወጣትነት ጊዜዬ የተመለሰ መሰለኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገጠምኩት። ውሃውን ስለቅበት መዘውሩ ከጠዋቱ በሚበልጥ ኃይል ዞረ፤ ሰሚራ ከታች ከኬላው፣ «መብራቱ ደምቋል!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም «ይሄው ነው፤ ኖራ ነበር» ብዬ እጄን ታጠብኩ።

ምሳ የማሽላ ቂጣ በእርጎ ሰጡኝ፤ ከዚያ የቡና ገለባ በወተት አፍልተው ሆጃ የሚሉትን አቀረቡልኝ። ሁለት ኩባያ ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ምሳ ከተማ ውስጥ በብር አይገኝም።

የማልረሳው ስህተት

ከምሳ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሥራዬን ልመርቅ ብቻዬን ወደ ማጠራቀሚያው ወጣሁ። መዘውሩ ይዞራል። ዞር ብዬ ከማጠራቀሚያው በታች ያለውን የከብት ገንዳ ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ገንዳው ሞልቶ፣ አፍ እስከ አፍ ተርፎ፣ ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል። አንድም ከብት የለም። አንድም ሰው የለም። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አገር፣ የሚጠጣ ውሃ ጭቃ ያቦካል።

አንባቢዬ፣ እኔ ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ጓዳ ውስጥ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማሁ ወሬው የማይገባኝ ሰው ነኝ። ድሬ ላይ ውሃ በፈረቃ እየጠበቀ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ወደ ገንዳው የሚወርደውን ቧንቧ ማዞሪያ ይዞ ጥርቅም አደረገው። «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» እያልኩ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የተከፈተ ቧንቧ መዝጋት ምን ወሬ አለው?

ከወረድኩ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ከሰሚራ ጋር ስለ አባቷ እያነሳን ስንስቅ፣ ማቀዝቀዣዋ ጸጥ አለች። መብራቱም ጠፋ። ሰሚራ እጇን ማቀዝቀዣዋ ላይ አሳርፋ ቆመች።

እየሮጥኩ ወጣሁ። መዘውሩ ቆሟል። የገጠምኩት ነገር ላልቷል ብዬ እንደገና ፈታሁት። ደህና ነው። የውሃውን አፍ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ጄኔሬተሩን በእጄ አዞርኩት፤ ይዞራል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አንዴ ስፈታ አንዴ ስገጥም ስምንት ሰዓት ተኩል አለፈ። ጠዋት ማቀዝቀዣዋን ለሥራ ብዬ ያጠፋሁት አንሶ፣ አሁን ደግሞ በቀኑ እሳት ሰዓት ቆማለች። እውነቱን ልናገር፣ ቅስሜ ተሰበረ። ለሆዳን «ነይ» ያልኳት እኔ ነኝ።

በዚህ መሐል አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ እናት ሽቅብ መጡ። አንገታቸው ላይ በገመድ የታሰረ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አዴ ፋጡማ ናቸው፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ ክብር ነው። የማጠራቀሚያው ጠባቂ እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ታች መንደር ለቅሶ ሄደው ስለነበር አልተገናኘንም። ሰላምታ ሳይጨርሱ ገንዳውን አዩ፤ ከዚያ ማዞሪያውን።

«ይሄን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ውሃው በከንቱ ይፈስ ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «አላህ ይስጥህ! ለቅሶው ላይ ቁጭ ብዬ ሐሳቤ እዚህ ነበር። እኔ እኮ በየቀኑ ቀትር ላይ እዘጋዋለሁ፤ ዛሬ ባለመኖሬ ሲፈስ ዋለ ብዬ ስጨነቅ ነበር የመጣሁት። ገለቶማ፣ ልጄ፤ አመሰግናለሁ።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። «በየቀኑ ነው የሚዘጉት?»

«በየቀኑ። ጠዋት ለከብቱ እከፍታለሁ፤ ሴቶቹም ቀድተው ይጨርሳሉ። ከቀትር በኋላ ማን ይመጣል? እዘጋለሁ።»

ማጠራቀሚያው ላይ ወጥቼ ክዳኑን አነሳሁ። እስከ አፉ ሞልቷል። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ከውሃው ጋር ሽቅብ ወጥቶ ከምንጩ የሚመጣውን ቱቦ ዘግቶታል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር። ከማጠራቀሚያው ውሃ ካልወጣ፣ ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ሲሞላ ኳሱ ይዘጋል፤ ኳሱ ሲዘጋ ከላይ የሚወርድ ውሃ የለም፤ የሚወርድ ውሃ ከሌለ መዘውሩን የሚመታው ምን ይምጣ? ተርባይኑ ከመጀመሪያውም አልታመመም። ተርባይኑን የገጠሙት ልጆች ጠዋት መጥተው ጠዋት ለክተው ሄደዋል። ሰሚራ ከታች ኬላዋ ውስጥ ናት፤ ማዞሪያው መቼ እንደሚዘጋ አታይም። አዴ ፋጡማም ዘጋሁት ብለው ለማንም አልነገሩም፤ ማታ በሩን ዘጋሁ ብሎ ለጎረቤት የሚያወራ ሰው የለምና። እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሰውዬ ደግሞ በገዛ እጄ ዘግቼው፣ አንድ ሰዓት ያህል መዘውሩን ስወቅስ ቆየሁ።

ማዞሪያውን ከፈትኩት። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ኳሱ ዝቅ አለ፤ ቱቦው ውስጥ ውሃው ሲወርድ ተሰማ፤ መዘውሩ ተነቃነቀና ዞረ። ከታች የሰሚራ ጩኸት መጣ። አዴ ፋጡማ መዘውሩን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ እንደገና መዘውሩን። «ያ ረቢ!» አሉ። «መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኛ?»

«ዛሬስ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሰሚራ የማቀዝቀዣዋን መለኪያ ስታይ ሁላችንም በሩ ላይ ተደርድረን ነበር። ስምንትን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል፤ ግን አልነካም። ሰማያዊውን እስክሪብቶ አንስታ ጻፈች።

የአዴ ፋጡማ ጥያቄ

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ማዞሪያው ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ሁልጊዜም ከቀትር በኋላ ክፍት መሆን አለበት። ይህን ስናገር የአዴ ፋጡማ ፊት ጠቆረ። የዚያን ዕለት ለሰሚራ ሲሉ ክፍት እንዲያድር ፈቀዱ። ነገር ግን ገንዳው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ውሃው ሲፈስ ያዩት ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጅ ሆኜ ይሄ ቱቦ ሳይኖር ከሸለቆው ነበር የምንቀዳው» አሉኝ። «ጠዋት ከቤት ወጥቼ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር የምመለሰው። ዛሬ አርጅቼ ውሃ ሲፈስ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«እናቴ፣ እዚህ ቢዘጉትም እኮ ውሃው አይጠራቀምልዎትም። ኳሱ ሲዘጋ ምንጩ ላይ ሞልቶ ወደ ሸለቆው ይፈሳል፤ አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ ቶሎ ብለው። «ላይ የሚፈሰው የአላህ ነው። እዚህ የሚፈሰው በእኔ እጅ ነው። እሱ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

መሐንዲስ ቢሆን ቁጥር ያወጣላቸው ነበር፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን የቁጥር አልነበረም። እኔ ራሴ ለማንም ሳልናገር ያንን ማዞሪያ የዘጋሁት በዚያው ምክንያት አይደል?

ረቡዕ ጠዋት በሰሚራ ቤት ቁርሴን ስበላ ከውጭ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ አዴ ፋጡማ አሥር የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ዶማና አካፋ አስይዘው ቆመዋል። ሌሊቱን አስበውበት ኖሯል። «ይሄ ውሃ ከፈሰሰ ወደሚጠጣው ይፍሰስ» አሉኝ። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ ከገንዳው የሚተርፈውን በትንሽ ቦይ ወደ ታች፣ ሜዳው ጫፍ ድረስ ማውረድ፤ እዚያ አሮጌ፣ ውሃ አይቶ የማያውቅ የድንጋይ ገንዳ አለ። የመንደሩ ሰዎች ከሜዳው አርቢዎች ጋር በውሃ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል፤ አርቢዎቹ ሩቅ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ፍየሎቻቸውን እየነዱ የሚደርሱት ቀትር ላይ፣ ማዞሪያው ከተዘጋ በኋላ ነው። ውሃው እዚያው ድረስ ከወረደላቸው ግን ሽቅብ መውጣት አያስፈልጋቸውም።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ የቦዩን ቁልቁለት ማየት ብቻ ነበር። አንድ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ በእሱ ስለካ ሙክታር «ጋሼ፣ እስከ አሁን ያየሁብህ ቁም ነገር ይሄ ብቻ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ጭቃውን በድንጋይ እየደለደልን ወረድን። ከሜዳው በኩል ደግሞ ሰዎች ሥራውን አይተው ዶማቸውን ይዘው ሽቅብ መጡ፤ ከእነሱ መካከል ሆዳን ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ድንጋይ ታቀብላለች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ውሃው በቦዩ እየተሳበ ወርዶ አሮጌው ገንዳ ውስጥ ገባ። ፍየሎቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ተሻሙበት።

አዴ ፋጡማ እዚያ ድረስ ወርደው ፍየሎቹ ሲጠጡ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ ሆዳን ዞረው፣ በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ገንዳውን የምታጸዱት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በላይ ግን ፍየል እንዳይወጣብኝ!» አሏት። ሆዳን ሳቀች፤ ተስማማች። ከዚያ አዴ ፋጡማ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን ክፍት ይሁን» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ መዘውሩ አልቆመም። ሰሚራ አሥር ሰዓት ላይ መለኪያውን አየች፤ አምስት ዲግሪ። በሰማያዊ ጻፈች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔም ሻንጣዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

ወደ ቤት

ሙክታር ዋሂል አደረሰኝ፤ የነዳጅ ልስጥህ ብለው አሻፈረኝ አለ። ሚኒባሱ እስኪመጣ ከአንዲት ሴት ለዘውዴ ጊሽጣ ገዛሁ፤ አምስቱን በመቶ ብር። አዴ ፋጡማ ደግሞ ሎሚ በጨርቅ ቋጥረው ሰጥተውኛል። ድሬ ስንገባ ጀንበር እየጠለቀች፣ ከተማው ከቀኑ ሙቀት ወጥቶ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነበር። ባጃጅ ይዤ ከዚራ ገባሁ። ዘውዴ ልብሴን አይታ፣ «ይሄ ሁሉ ጭቃ ከየት ነው? ደረቅ አገር አይደል የሄድከው?» አለች።

እያስታጠበችኝ ሳለ ሁሉን ነገርኳት፤ የዘጋሁትንም አልደበቅኳትም። ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት ሰውን «ውሃ አታባክኑ፣ ዝጉ» ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን መቼ ብክነት እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን የምወስነው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቡርቃን ማሽን እኔ ሰባት መፍቻ ይዤ ሄጄ አላዳንኩትም። ያዳኑት ውሃ ሲፈስ ማየት የማይችሉ አንዲት እናት ናቸው፤ የማይችሉትንም ነገር ሌሊቱን አስበው ለጎረቤት የሚተርፍ አድርገውታል። እዚያ በመጠራቴና የእሳቸውን ጥያቄ በጆሮዬ በመስማቴ ከልቤ አመሰግናለሁ። የእኔ ድርሻ ኖራውን መፋቅ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሎሚው የእነሱ ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ። ሰሚራ ናት። ከጀርባዋ ትርምስ ይሰማል፤ የሴቶች ወሬ፣ የሞተር ድምፅ፣ የፍየል ጩኸት። ተቆጣጣሪው መዝገቡን አይቶ፣ ማቀዝቀዣዋን ከፍቶ፣ አንድ ጊዜ ራሱን ነቅንቆ የክትባቱን ሣጥን አራግፎባታል።

«ጋሼ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጋው» አለችኝ፤ ስልኩን የሆነ ቦታ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ሆዳን በሶማልኛ ልጇን ስታባብል ሰማሁ። ከዚያ ሕፃኗ ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች።

ዘውዴ ከጓዳ ደንግጣ ወጥታ «ምን ሆነ? ማን ነው የሚያለቅሰው?» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሐላችን ያዝኩላት። ልጅቷ አልቅሳ እስክትጨርስ ሁለታችንም ቆመን አዳመጥን።